«የት እንሂድ?» ለሚሉ የለቡ ፍቅረኞች

ከረቡዕ ጀምሮ የብዙ ወጣት ራስ ምታት የሆነች አንዲት ጥያቄ አለች፤ «ቅዳሜ የት እንሂድ?» እሷ ትጠይቃለች፣ እሱ «እኔ እንጃ፣ አንቺ ምረጪ» ይላል። እሷ ደግሞ «ሁልጊዜ እኔ ነኝ እንዴ የምመርጠው?» ትላለች። መጨረሻው ያው ነው፤ ያው ካፌ፣ ያው ወንበር፣ ያው ማኪያቶ። ሁለቱም ስልካቸውን አውጥተው ቲክቶክ ያያሉ። ትንሽ ቆይቶ አስተናጋጇ ሒሳብ ታመጣለች፤ እሱም ወረቀቱን አይቶ ፊቱን ላለማኮሳተር ይታገላል።

ውድ አንባብያን፣ ይህ ጉዳይ እንዲሁ ሲያዩት ቀልድ ይመስላል። ግን በዚህች «የት እንሂድ» በምትባል ጥያቄ ምክንያት ትዳር ሊሆን የነበረ ፍቅር ሲናጋ አይቻለሁ። ስለዚህ ዛሬ ስለ መዝናናት እናወራለን። አውሮፕላን ተሳፍሮ፣ ሪዞርት ገብቶ ስለሚዝናናው ሰው አይደለም። ለቡ፣ ጀሞ፣ ኃይሌ ጋርመንት ወይም ላፍቶ ተወልዶም ሆነ ተከራይቶ ስለሚኖር፣ ኪሱ ውስጥ የታክሲና የምሳ ብር ብቻ ስላለው ወጣት ነው የማወራው።

«ሌላ ይዟል!»

እሱ 27፣ እሷ 25 ዓመታቸው ነው። ሁለቱም የለቡ ልጆች ናቸው። እሱ ሞባይል ይጠግናል፣ እሷ በአንድ የግል ድርጅት የሒሳብ ሠራተኛ ነች። ሦስት ዓመት አብረው ቆይተዋል። በሳምንት አንድ ቀን መገናኘት ልማዳቸው ነበር፤ መገናኘት ማለት ደግሞ ካፌ፣ በርገር፣ አልፎ አልፎ ሲኒማ፣ ሲመሽ በራይድ እስከ ቤቷ መሸኘት ማለት ነው። መጀመሪያ ሰሞን ችግር አልነበረውም። ኑሮው ሲወደድ ግን የቅዳሜው ወጪ የወር ቀለቡን መብላት ጀመረ። እሱ «ገንዘብ የለኝም» ማለት ሞት መሰለው። ምን አደረገ? ቅዳሜ ሲደርስ ስልኩን ያጠፋ ጀመር። «ሥራ በዛብኝ»፣ «አሞኝ ነበር»፣ «ባትሪ ዘግቶብኝ ነው»... እስቲ አሁን የሞባይል ጠጋኝ «ባትሪ ዘጋብኝ» ሲል ማን ያምነዋል?

እሷ ለጓደኛዋ አማከረች። ጓደኛዋም «ሌላ ይዟል! ምን ጥያቄ አለው?» ብላ ፈረደች። እንግዲህ እንዲህ ዓይነት ጓደኛ የሌለው ማን አለ? ልጅቷ ሁለት ሳምንት ስትብሰለሰል ቆየችና አንድ ቅዳሜ ማታ ሳትነግረው ሱቁ ድረስ ሄደች። በሩ ገርበብ ብሏል። ውስጥ ሌላ ሴት የለችም። ለእሷ ልደት ብሎ የተበደረውን ብር ለመክፈል፣ የተፈታቱ ስልኮች ላይ አቀርቅሮ ትርፍ ሰዓት የሚሠራ ፍቅረኛዋን አገኘችው።

መጀመሪያ አለቀሰች፣ ቀጥላ ተቆጣች። «ለምን አልነገርከኝም?» የሚቀጥለው እሁድ የት ሄዱ መሰላችሁ? ምሳ ዕቃቸውን ይዘው፣ በሰበታ በኩል አድርገው መናገሻ ሱባ ደን!

በኋላ የነገረችኝን እስከ ዛሬ አልረሳውም። «ካፌ ስንቀመጥ ፊት ለፊት ስለሆንን ከባድ ነገር ማንሳት ያሳፍረን ነበር። ዘፈኑም አያስወራም። ጫካ ውስጥ ግን ጎን ለጎን ነው የምትሄዱት፤ ዓይን ለዓይን አትተያዩም፤ አፋችን ተፈታ» ነው ያለችኝ። ያን ቀን በየወሩ ለእናቱ ብር እንደሚልክ፣ ቤተሰቦቿ የሚጠብቁትን ድግስ መደገስ እንደማይችል ነገራት። እሷም የፈለገችው ዲኮርና ሊሞዚን ሳይሆን እሱን እንደሆነ ነገረችው። ይህን ወሬ ሦስት ዓመት ሙሉ ካፌ ውስጥ አላወሩትም ነበር።

መናገሻ የሄደ ሁሉ ይታረቃል እያልኩ አይደለም። እዚያ ሄደው ተጣልተው የተመለሱም አይጠፉም! እነሱም ቢሆኑ ግን ቢያንስ ለምን እንደተጣሉ አውቀው ነው።

ከደጃችሁ ጀምሩ

«በእጅ የያዙት ወርቅ እንደ መዳብ ይቆጠራል» ይላሉ አባቶች። ለቡ ሲባል ብዙ ሰው ትዝ የሚለው ኮንዶሚኒየምና የታክሲ ሰልፍ ነው። ታክሲ ውስጥ «ሙዚቃ ሰፈር ወራጅ አለ!» እያልን በየቀኑ እንወርዳለን፤ ለምን ሙዚቃ ሰፈር እንደተባለ የጠየቅን ግን ስንቶቻችን ነን? «ላፍቶ» በአፋን ኦሮሞ የግራር ስም መሆኑንስ? ሕንፃው ከመብቀሉ በፊት እዚህ ገበሬ ያርስ ነበር፤ ከብት ይሰማራ ነበር። ያንን የሚያስታውሱ አዛውንቶች ዛሬም በየሰፈሩ አሉ። አንድ እሁድ ጠዋት ከአንዱ አጠገብ ተቀመጡና «አባባ፣ እዚህ ቦታ ድሮ ምን ነበር?» ብላችሁ ጠይቁ። ሻይ ጋብዟቸው። የትኛው ወንዝ የት ያልፍ እንደነበር፣ ሰርግ እንዴት እንደነበር፣ ማን የማን መሬት ላይ እንዳረሰ ይነግሯችኋል። ይህ የትም መጽሐፍ ላይ የለም። እሳቸው ሲያልፉ አብሮ ያልፋል።

ደግሞ የሩቅ አገር መንገድ የሚጀምረው ከእኛ ሰፈር መሆኑን አትርሱ። ፉሪ-ለቡ የባቡር ጣቢያ የተመረቀው መስከረም 25 ቀን 2009 ዓ.ም. ነው፤ ወደ ድሬዳዋና ወደ ጅቡቲ የሚወስደው አዲሱ የኤሌክትሪክ ባቡር የመንገደኛ መነሻ ይኼው ነው። ይህን ካያችሁ በኋላ ታክሲ ይዛችሁ ለገሃር ሂዱና አያቱን እዩት። የድሮው ባቡር ሐዲድ ከጅቡቲ ተነስቶ አዲስ አበባ የደረሰው በ1909 ዓ.ም. ነው፤ ሃያ ዓመት ገደማ ፈጅቶ! «ለገሃር» የሚለው ስም ራሱ ከፈረንሳይኛው «ላ ጋር» የመጣ ነው፤ ጣቢያው ማለት ነው። ፊት ለፊቱ ያለው የይሁዳ አንበሳ ሐውልትም በጣሊያን ወረራ ጊዜ ወደ ሮማ ተወስዶ በኋላ የተመለሰ ነው። ዘርዓይ ደረስ ሮማ ላይ ሰይፉን የመዘዘው ይህንኑ አንበሳ አይቶ እንደሆነ ይተረካል። እኛ ግን በአጠገቡ ስናልፍ ታክሲ ነው የምንፈልገው።

የግማሽ ቀን ፕሮግራም

አራት ኪሎና ስድስት ኪሎ በእግር አንድ ጠዋት ይበቃቸዋል። ብሔራዊ ሙዚየም የ3.2 ሚሊዮን ዓመቷ ድንቅነሽ ቤት ነው። ኅዳር 15 ቀን 1967 ዓ.ም. አፋር፣ ሐዳር ላይ ነው የተገኘችው። ከውጭ የሚመጣ ሰው ስለ እሷ ለማወቅ ውቅያኖስ አቋርጦ ይመጣል፤ አንዳንዱ የአዲስ አበባ ልጅ ግን ከአምስተኛ ክፍል የትምህርት ቤት ጉብኝት ወዲህ ደጃፉን አልረገጠም።

ከዚያ ወደ ዩኒቨርሲቲው ግቢ ውጡ። ገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት የንጉሡ መኖሪያ ነበር፤ በ1953 ዓ.ም. ነው ለዩኒቨርሲቲ የተሰጠው። ዛሬ ሙዚየም ነው። ፊት ለፊቱ የትም የማያደርስ የደረጃ ቁልል አለ። ጣሊያኖች ናቸው የሠሩት፤ እያንዳንዱ ደረጃ የሙሶሎኒ ሥልጣን አንድ ዓመት ነው ይባላል። ጣሊያን ሲባረር ጃንሆይ አላፈረሱትም። ጫፉ ላይ የይሁዳ አንበሳ ተቀመጠበት። ጠላት ለራሱ በሠራው ደረጃ ላይ አንበሳ ማስቀመጥ! እንዲህ ያለ ቀልድ የትኛው ኮሜዲ ላይ ታገኛላችሁ? ወጣ ስትሉ የየካቲት 12 ሐውልት አለ። በ1929 ዓ.ም. በሦስት ቀን ውስጥ ያለቀውን ሕዝብ የሚያስታውስ ነውና እዚያ ሰልፊ ከማንሳት በፊት ትንሽ ቆም ማለት ደግ ነው።

ፒያሳ ደግሞ በየካቲት 2016 ዓ.ም. የተመረቀው የዓድዋ ድል መታሰቢያ ሙዚየም አለ። ከዚያ ትንሽ ራመድ ስትሉ፣ ከዓድዋ ድል በኋላ የተሠራው የአራዳው ቅዱስ ጊዮርጊስ ካቴድራል። ሁለቱን በአንድ ቀን ማየት ትምህርት ቤት በአንድ ሴሚስተር ያልገባችሁን ታሪክ ያስገባላችኋል።

እግር ላላቸው

ከአዲስ አበባ ልጆች መካከል እንጦጦን ሳያውቅ ያደገ አለ ቢሏችሁ አትገረሙ። እንጦጦ ማርያም ዐፄ ምኒልክ ጥቅምት 25 ቀን 1882 ዓ.ም. የነገሡባት ቤተ ክርስቲያን ናት። አጠገቧ ያለው የምኒልክ ቤተ መንግሥት በእንጨትና በጭቃ የተሠራ ቤት ነው። ይህን ሁሉ አገር ያስተዳደረ ንጉሥ እንዴት ባለ ቤት ይኖር እንደነበር ስታዩ፣ የኮንዶሚኒየማችሁ ስቱዲዮ ጠበበኝ ማለት ታቆማላችሁ። ከዚያ በ2013 ዓ.ም. የተከፈተው የእንጦጦ ፓርክ አለላችሁ። ባሕር ዛፉም ታሪክ አለው፤ ከአውስትራሊያ የመጣ እንግዳ ነው። ማገዶ አልቆ ዋና ከተማዋ ወደ አዲስ ዓለም ልትዛወር በታሰበበት ጊዜ ቶሎ አድጎ አዲስ አበባን ባለችበት ያስቀራት እሱ ነው ይባላል። እንግዲህ ለቡ ዛሬ ያለችው ባሕር ዛፍ ስላለ ነው ብንል ብዙ አልተሳሳትንም!

እንጦጦ ሯጮቻችን ሳንባቸውን የሚያጠነክሩበት አቀበትም ነው። ስለ ሩጫ ካነሳን፣ በ1994 ዓ.ም. የተጀመረው ታላቁ ሩጫ በኢትዮጵያ 10 ኪሎ ሜትር ነው። እስቲ እንደ ሰው ቲሸርቱን ለፎቶ ብቻ ከመልበስ፣ ከወዲሁ በሳምንት ሁለት ጠዋት መለማመድ ማንን ገደለ? የማውቀው አንድ የጀሞ ልጅ ቅዳሜውን ሁሉ ቤቲንግ ቤት ነበር የሚያሳልፈው። ብሩም ሄደ፣ ፊቱም ጠቆረ። አንድ ጎረቤቱ «ና ጠዋት አብረን እንሩጥ» ሲለው ለማላገጥ ነበር የወጣው። ዛሬ 12 ሰዓት ሳይሞላ መንገድ ላይ ነው። ቁማሩን ጨርሶ ተወ አልልም፤ ግን «ጠዋት የሚነሳ ሰው ማታ አያመሽም» ይለኛል። ለእሱ ይህ ራሱ ትልቅ ነገር ነው።

መናገሻ ሱባ ደንስ? በወጨጫ ተራራ ላይ ያለ ጥንታዊ ደን ነው። በ15ኛው ክፍለ ዘመን ዐፄ ዘርዓ ያዕቆብ ከወፍ ዋሻ ዘር አስመጥተው እንዳስተከሉት በትውፊት ይነገራል። ጽድ፣ ዝግባና ኮሶ አለ፤ ጉሬዛና ድኩላም ዕድለኛ ከሆናችሁ ታያላችሁ። ዝም ብሎ ለሚራመድ ሰው እንጂ ስፒከር ተሸክሞ ለሚገባ ሰው ጉሬዛ አይወጣም። ለእኛ ለለቡ ልጆች ደግሞ በዓለም ገናና በሰበታ በኩል መንገዳችን ነው። የቦሌ ልጅ ከተማውን አቋርጦ ሲመጣ እኛ ደጃችን ላይ ነን!

ባልጩት

አሁን ወደ ትልቁ ጉዳይ እንምጣ። ከዓለም ገና ወደ ቡታጅራ በሚወስደው መንገድ ከአዲስ አበባ 50 ኪሎ ሜትር ያህል ስትሄዱ አዋሽ ወንዝ ላይ መልካ ቁንጡሬን ታገኛላችሁ። ሐምሌ 2016 ዓ.ም. ዩኔስኮ ከባልጩት ጋር በዓለም ቅርስነት መዝግቦታል። ሳይንቲስቶች እዚያ መቆፈር ከጀመሩ 60 ዓመት አልፏል። ወደ ሁለት ሚሊዮን ዓመት የሚጠጋ የሰው ልጅ ኑሮ በአንድ ሸለቆ ተደራርቦ የተገኘበት ቦታ ነው። ባልጩት ማለት ያ ጥቁር፣ እንደ መስታወት የሚያብለጨልጨው ድንጋይ ነው፤ የድሮ ሰው ለቢላ የተጠቀመበት።

እኔን ያስደነቀኝ ግን ድንጋዩ አይደለም። እዚያ ቦታ 700,000 ዓመት የሆነው የእግር አሻራ ተገኝቷል፤ ከትልልቆቹ መካከል የሕፃናት አሻራ አለ። አስቡት! አዋቂዎቹ ሥጋና ድንጋይ ላይ ተጠምደው ሳለ ልጆች ጭቃ ላይ እየሮጡ ነው። ሰው ቤተሰቡን ይዞ ወንዝ ዳር መዋል የጀመረው ዛሬ አይደለም ማለት ነው። እኛ ነን ካፌ ውስጥ የተዘጋነው።

ከዚያ አልፋችሁ ስትሄዱ፣ ከዋናው መንገድ ገባ ብላ አዳዲ ማርያም አለች፤ ከዓለት የተፈለፈለች ቤተ ክርስቲያን ናት። የዓለት ቤተ ክርስቲያን ለማየት የግድ ላሊበላ መሄድ አያስፈልግም ማለት ነው። ከአዲስ አበባ 90 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ ደግሞ ጢያ አለ፤ እ.ኤ.አ. በ1980 በዓለም ቅርስነት የተመዘገቡት 36 ትክል ድንጋዮች የቆሙበት። ብዙዎቹ ላይ ሰይፍ ተቀርጾባቸዋል። ከሥራቸው ሲቆፈር የተገኙት በአብዛኛው ወጣቶች፣ የእናንተ እኩያ የሚሆኑ ናቸው ይባላል። ድንጋዩ ላይ ያለው ምልክት ምን እንደሆነ ዛሬም ተመራማሪዎች ይከራከሩበታል። ጓደኞቻችሁን ይዛችሁ ሂዱና እናንተም ተከራከሩ፤ መከራከር እንደሆነ ማን ብሎን!

«ነገ እናየዋለን»

ይህን ሁሉ ስናገር «ምን ችግር አለው፣ የትም አይሄድ፣ ነገ እናየዋለን» የሚል አይጠፋም። እዚህ ላይ ነው ነገሩ ቀልድ መሆኑ የሚያበቃው። በ2016 ዓ.ም. ፒያሳ ስትታደስ ዶሮ ማነቂያን ጨምሮ ስንት ሰፈር ከቦታው ተነሳ። ሰው ከፈረሰ በኋላ ነው «ውይ፣ እዚያ እኮ አንድ ቀን ጥብስ እንበላለን ስንል ነበር» ብሎ ፎቶ ፍለጋ ስልኩን ያገላበጠው። ጥር 2007 ዓ.ም. የጣይቱ ሆቴል ሲቃጠል ያለቀሰውም ሰው ብዙ ነበር፤ ካለቀሱት ውስጥ ግን አንድ ቀን ገብቶ ቡና ያልጠጣው ስንቱ እንደሆነ ቤት ይቁጠረው።

ሰፈር ይለወጣል፤ ከተማ ናትና ትለወጣለች። መንገዱ ሲሰፋ፣ የእግረኛው መሄጃ ሲያምር እኛም ደስ ይለናል፤ ለእግር መንገድ እኮ ነው የምንፈልገው። ግን ልጃችሁ ነገ «አባዬ፣ እማዬ፣ ይሄ ቦታ ድሮ ምን ነበር?» ብሎ ሲጠይቃችሁ «ካፌ ውስጥ ስለነበርን አላየንም» ልትሉት ነው? ያላያችሁትን ነገር ማውረስ አትችሉም። ድንጋዩና ግንቡ ብቻም አይደለም ቅርስ። ነሐሴ ላይ የሰፈር ልጆች «ሆያ ሆዬ» ብለው ኮንዶሚኒየማችሁ ደረጃ ላይ ሲመጡ በሩን ዘግታችሁ ድምፅ የምታጠፉ ከሆነ ቅርስ እየተባረረ ያለው ከእናንተው ደጅ ነው። መስቀልን፣ ጥምቀትን ዩኔስኮ መዝግቦልናል። ቡሄውን ግን ማን ይመዝግብልን? ከፍተን ሙልሙል ካልሰጠን!

ከመውጣታችሁ በፊት

አሁን ወደ ምክሩ። አንደኛ፣ ብቻችሁን ጫካ አትግቡ። በተለይ ሴቶች፣ አምስት ስድስት ሆናችሁ ሂዱ፤ የት እንደምትሄዱና ስንት ሰዓት እንደምትመለሱ ለአንድ የቤት ሰው ተናገሩ። ገና በቅጡ ከማታውቁት ልጅ ጋር የመጀመሪያ ቀጠሮ ጫካ አይሁን፤ ሙዚየም ይሁን። «ካልመጣሽ አትወጂኝም» የሚል ወንድ ካጋጠመሽ መልሱን እዚያው አግኝተሻል።

ሁለተኛ፣ ከከተማ ስትወጡ የመንገዱን ሁኔታ ከሚመላለሱ ሾፌሮች ጠይቁ። መታወቂያ ያዙ። በጠዋት ውጡ፣ ሳይመሽ ተመለሱ። ክረምት ላይ ጭቃው ጫማ ያወልቃልና ከመስከረም በኋላ ይሻላል። የመግቢያ ሰዓቱንና ዋጋውን ቀድማችሁ አጣሩ፤ በር ላይ መቆጨት አይጠቅምም።

ሦስተኛ፣ ወጪውን አዋጡ። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር አይደል? ሚኒባስ ተከራይቶ ለአሥራ ሁለት መካፈል አንድ ምሽት ሬስቶራንት ከመጋበዝ የሚረክስበት ጊዜ ብዙ ነው። ቆሎ፣ ዳቦ፣ ብርቱካን፣ ውሃ ያዙ። ወንዶች ሆይ፣ «ሁሉንም እኔ እከፍላለሁ» የሚለውን ጉራ ተዉት። ሴቶችም «እሱ ካልከፈለ አይወደኝም» የሚለውን አብራችሁ ተዉት።

አራተኛ፣ የሰው አገር ነውና በአክብሮት ግቡ። ቤተ ክርስቲያን ስትገቡ ነጠላ ያዙ፣ ጫማ አውልቁ፣ ከመቅረጻችሁ በፊት አስፈቅዱ። ገበሬ ስታገኙ «አካም ጅርቱ?» በሉ፤ አንዲት ሰላምታ ስንት በር እንደምትከፍት ታያላችሁ። የተዘራ መሬት አትርገጡ። የጠጣችሁበትን የውሃ ላስቲክ መልሳችሁ አምጡ፤ መቼም 700,000 ዓመት የሚቆይ አሻራ እንተው ብላችሁ ላስቲክ ጥላችሁ አትምጡ!

አምስተኛና የመጨረሻው፣ ስልካችሁን ለአንድ ሰዓት ኪሳችሁ ውስጥ አቆዩት። ፎቶ አንሱ፣ ማንም አይከለክላችሁም። ግን አብሮዋችሁ ያለውን ሰው ከጠየቃችሁት ስንት ጊዜ ሆነው? እናቱ እንዴት እንደሆነች፣ ሥራው እንዴት እንደያዘው፣ ምን እንደሚያስፈራው። ለዚህ ጥያቄ ሁለት ጤነኛ እግርና የአንድ ጠዋት ጊዜ ይበቃል። ሁለቱንም እግዜር በነፃ ሰጥቷችኋል።

ቸር ሰንብቱ።